ሥራ ፈላጊው ፍላሽ ሊረሳ አይገባም

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ የቴሌቪዥን ሥራ ለወጣ ጽሑፍ ምላሽ ነው። የጽሑፉ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1997 ለአሜሪካው የቴሌቪዥን ኩባንያ ሲቢኤስ ተሠርቶ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሳይተላለፍ የቀረውን የ«ጀስቲስ ሊግ ኦፍ አሜሪካ» (የልዕለ ኃያል ጀግኖች ቡድን ድራማ) የሙከራ ክፍል የውድቀት ምሳሌ ብቻ አድርገው ማቅረባቸው ፍርደ ገምድልነት ሆኖ ታይቶኛል። አልባሳቱ ርካሽ መምሰላቸውን አልክድም፤ ዴቪድ ኦግደን ስታየርስን የመሰለ አንጋፋ ተዋናይም ለገጸ ባሕርይው በተቀባው ወፍራም አረንጓዴ ቀለም ሥር መቀበሩ ያሳዝናል።

ነገር ግን ሱፐርማንም ሆነ ባትማን በሌሉበት፣ ጀግኖቹን አንድ ቤት ውስጥ አዳብሎ ስለ ሥራና ስለ ፍቅር ሲጨነቁ ማሳየት ድፍረት የሚጠይቅ ሐሳብ ነበር። ከጀግኖቹ አንዱ የሆነው፣ በሩጫ በዓለም ላይ የሚቀድመው የሌለው ፍላሽ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት ማየት እንደ እኛው ሰው ስለ መሆኑ ብዙ ይነግረናል። ገጸ ባሕርያቱ በየመሐሉ ካሜራ ፊት ተቀምጠው የልባቸውን የሚናገሩበት አቀራረብም ቢሆን በ2000ዎቹ ኮሜዲዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ሆኗል።

በእኔ እምነት ጉድለቱ ሳቁና አደጋው አለመገናኘታቸው ነው፤ የአየር ጠባይን እንደ ጦር መሣሪያ የሚጠቀመው ወንጀለኛ ከተማዋን ሲያስጨንቅ፣ የቤቱ ውስጥ ቀልድ ለብቻው ይጓዛል። ይህ ደግሞ በቀጣይ ክፍሎች ሊታረም የሚችል የድርሰት ችግር ነበር። የመብቱ ባለቤቶች ጥራት ያለውን ቅጂ ለተመልካች ቢያቀርቡልን ምንኛ ደስ ባለኝ!