ለፌስኦፍ ሊቃውንታችን የቀረበ ውዳሴ

ጎንደር ሊቃውንት አጥታ የማታውቅ፣ ለአቋቋምም ለመጻሕፍት ትርጓሜም ተማሪ ከየአገሩ የሚመጣባት ከተማ ናት። በዚህ ዘመን ደግሞ በፒያሳ ካፌዎች ውስጥ አዲስ የትርጓሜ ቤት ተከፍቶልናል፤ የሚተረጎመውም የሰሜን አሜሪካ የአይስ ሆኪ ውጤት ነው።

ትምህርቱ ረቂቅ ነው። በከተማችን የበረዶ ሜዳ የለም፤ በረዶን የምናውቀው በክረምት ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ጨዋታዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚጀመሩት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ግድም፣ ካህናቱ ለማኅሌት ቆመው የቀረው ሕዝብ በተኛበት ሰዓት ስለሆነ፣ አይቶ መተንተን ለተራ ሰው የተተወ ድካም ሆኗል። ሊቃውንታችን ጠዋት ማኪያቶ አዝዘው፣ ስልካቸውን ከፍተው፣ በተጨማሪ ሰዓት ማን እንዳሸነፈና በፌስኦፍ ማን እንደበለጠ ብቻ ይመለከታሉ። በተጨማሪ ሰዓት የሚያሸንፈው በፌስኦፍ የበለጠው ነው ለማለት ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም።

ላልደረሰው ሰው ለመንገር ያህል፣ ፌስኦፍ ማለት ዳኛው ጥቁሯን የጎማ ፓክ በሁለት ባላጋራዎች መካከል ሲጥላት፣ ሁለቱም በዱላቸው ወደ ወገናቸው ለመሳብ የሚሻሙበት ቅጽበት ነው፤ ክፍለ ጊዜ ሲጀመርም፣ ጎል ሲገባም፣ ጨዋታው በቆመ ቁጥርም ይደገማል።

ነገሩ ፍሬ የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. ከ2015–16 የውድድር ዘመን ወዲህ በሰሜን አሜሪካው ታላቅ የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ መደበኛ ጨዋታዎች ተጨማሪው ሰዓት 5 ደቂቃ ሲሆን፣ ቡድኖቹ ከበረኞቹ ሌላ ሦስት ለሦስት ሆነው ይገጥማሉ፤ ቀድሞ ያገባም ወዲያው ያሸንፋል። ሜዳው ለስድስት ሰው እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ ፓኳን የያዘ ቡድን ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ የደከመውን እየቀየረ፣ የሚመቸው ክፍተት እስኪገኝ ድረስ መታገሥ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፌስኦፍ ያሸነፈ የመጀመሪያውን ዕድል ያገኛል። ሊቃውንታችን የሚደነቁት ይህችን የምታህል እውነት ይዘው የት ድረስ እንደሚጓዙ ሲታይ ነው።

አንድ ምት ጎሉን ስታ ግድግዳ ነክታ ስትመለስ፣ ባላጋራው ሁለት ለአንድ ሆኖ ሮጦ በወዲያኛው ጫፍ ሊያገባ ይችላል፤ ይህን ከሒሳባቸው አውጥተውታል። አንድ ተጫዋች በጥፋት ቢቀጣ ለተቃራኒው ቡድን አራተኛ ሰው ይጨመርለታል፤ ይህም ዝርዝር ነው ተብሎ ታልፏል። በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚደረገው ፌስኦፍ አብዛኛውን ጊዜ በጣት የሚቆጠር መሆኑ ደግሞ ጭራሽ አላሳሰባቸውም፤ ከሦስት ፌስኦፍ ሕግ ማውጣት ለእነርሱ ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነውና። በዚህ ሙያ ስመ ጥር የነበረው የቦስተኑ ፓትሪስ በርዠሮን እንኳ በመልካሙ ዘመኑ ያሸንፍ የነበረው ከመቶ 60 ግድም ነው፤ ከአሥሩ አራቱን ይሸነፍ ነበር ማለት ነው። አንዱ ያሸነፈውን ሌላው የግድ ስለሚሸነፍ የሊጉ አማካይ ሁልጊዜ ከመቶ 50 ነው፤ ሆኖም «ዘንድሮ ስንቱ ቡድን ከ50 በታች ወረደ!» ብሎ ከልቡ የሚያዝን ሊቅ አለን።

የትምህርታቸው ትልቁ ውበት ግን ከቶ አለመሳሳቱ ነው። በፌስኦፍ የበለጠው ቡድን ሲያሸንፍ «አላልኳችሁም?» ይባላል፤ ሲሸነፍ ደግሞ «ብዙዎቹን አሸነፈ እንጂ ወሳኟን አላሸነፈም» ይባላል፤ ወሳኟ የትኛዋ እንደነበረች የሚታወቀውም ጎሉ ከገባ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው የተረቱ አባቶች የእኛን ጩኸት ጥራት ቢሰሙ ኖሮ ተረታቸውን ባረሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ዲትሮይትና ሞንትሪያል ማሩንስ በጥሎ ማለፍ ተገናኝተው፣ እስከ ስድስተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ዘልቀው፣ ከ176 ደቂቃ በኋላ በ1 ለ 0 የተለያዩበትን ጨዋታ አንሥቶ «ይህስ በፌስኦፍ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ደፋር ቢገኝ፣ የሚያገኘው መልስ «ታዲያ በምን ሊሆን ኖሯል?» የሚል ነው። (አያቶቻችን በገና ጨዋታ ሩር ሲያሳድዱ ማን ቀድሞ እንደነካት አለመመዝገባቸው ስንት ተንታኝ አስቀርቶብናል!)

ይህ ሁሉ ዕውቀት ፈተና የሌለው እንዳይመስላችሁ፤ በቤቲንግ ቤት መስኮት ላይ ይፈተናል። አብዛኞቹ የሚቆርጡት ከማሸነፍ፣ ከአቻና ከመሸነፍ አንዱ የሚመረጥበትን ትኬት ሲሆን፣ ይህ ትኬት የሚታሰበው በመደበኛው 60 ደቂቃ ውጤት ብቻ ነው፤ ወደ ተጨማሪ ሰዓት የገባ ጨዋታ በአቻ ተዘግቷል። ሊቃችን ምሥጢሩን የሚገልጥልን እንግዲህ ብሩ ቀድሞ ከተበላ በኋላ ስለመጣው 5 ደቂቃ ነው። የመስኮቷ ልጅ ይህንኑ በትሕትና ስታስረዳ በትዕግሥት ይሰማታል፤ ከዚያም «የእኔ እኅት፣ መጀመሪያ አቻ የሆኑት እኮ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ፌስኦፍ ስለተሸነፉ ነው» ብሎ አስተምሯት፣ የዛሬውን ትኬት ይቆርጣል።