ማስተካከያ፦ ስትሮክና የአንጎል ማጠቢያ

ባለፈው ስለ ስትሮክ (እዚህ የማወራው የአንጎል ደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ ስለሚመጣው ነው) ስጽፍ "አንጎል ቆሻሻውን የሚያጥብበት መስመር ወዲያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እብጠቱም ከደም ስር የሚያፈስ ውሃ ነው" ብዬ ነበር፣ ልክ አይደለም ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንጎልን የከበበው ፈሳሽ በደም ስሮች ዙሪያ ባለው ክፍተት ገብቶ ቆሻሻ ይዞ ይወጣል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ማይከን ኔደርጋርድና ባልደረቦቿ ግሊምፋቲክ ብለው የሰየሙት ሲስተም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ታዲያ የሷው ቡድን አይጦች ላይ ሲያይ፣ ስትሮኩ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ የነርቭ ሴሎቹ እንደ ማዕበል ተራ በተራ የኤሌክትሪክ ቻርጃቸውን ያጣሉ፣ ደም ስሮቹ ጥብብ ይላሉ፣ ዙሪያቸው ያለው ክፍተት ይሰፋና ፈሳሹ እንደ ጎርፍ ይገባል። ማለትም የመጀመሪያው እብጠት ከዚሁ ከማጠቢያው ውሃ ነው! ከደም የሚያፈሰው በኋላ ነው የሚመጣው። (አይጥ ላይ የታየ መሆኑን ግን እንዳትረሱ)

ሌላው "እንቅልፍ አንጎልን ያጥባል" ያልኩትን አክስቴ አንብባ ደውላ "ታዲያ ፊቱ የተጣመመ ሰው ትንሽ ጋደም ቢል አይሻለውም?" ስትለኝ የቡና ሲኒው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ኧረ በፍጹም! ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ ቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ እሱም ሲቲ ስካን (የጭንቅላት ምስል) ታይቶ፣ ተኝቶ የነቃ ሰው ደግሞ መቼ እንደጀመረው እንኳን አያውቅም።