ለሁሉም እኩል የሆነችዋ ሴትዮ

ስልክ ውስጥ ያለችዋን ሴትዮ ሳላመሰግናት ብቀር ይቆጨኛል። «እንኳን ደህና መጡ» ስትል እንዴት ደስ ትላለች! ሃያ ጊዜ ብደውል ሃያ ጊዜ በዚያው ለዛ ትቀበለኛለች። ጉዳዬ አያልቅም እንጂ በጨዋነቷማ እንከን አይወጣላትም።

ከሁሉ የማደንቅላት ግን አድልዎ አለማወቋን ነው። ለእሷ ሰው ሁሉ የተማረ ነው። ባለፈው ከአክስቴ ጋር ስፒከር ላይ አድርገን ሰማናት። «ለተጨማሪ እሴት አገልግሎቶች 4ን ይጫኑ» አለች። አክስቴ ዞር ብለው፣ «እሴት ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። እኔ ባለዲግሪው ማስረዳት ጀመርኩ። እስክጨርስ 5ም 6ም 7ም አልፈው ሄዱ። በነገራችን ላይ እኔም እሴት የተባለው አገልግሎት ምን እንደሆነ አላውቅም። እኩልነት ይሏል ይሄ ነው፤ የተማረውም ያልተማረውም አብሮ ይደናገራል።

ቀጠለችና «ሲጨርሱ መሰላልን ይጫኑ» አለች። ቁጥር እየተጫኑ የሚደውሉበት ስልክ እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ሲወጣ አስር ቁጥሮች ብቻ ነበሩት። ኮከብና መሰላል (* እና #) የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ ታዲያ አክስቴ እስካሁን ምን ሲጠብቁ ነበር? «አንተ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን መሰላል ታስወጣኛለህ?» አሉኝ።

ስፒከሩ ይጥፋልኝ ብለው ደግሞ ብቻቸውን ሞከሩ። ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ። የጠቆረው ስክሪን እስኪበራ ጠበቁ። መነፅራቸውን ፈለጉ። የቁጥር ሰሌዳው ተደብቆ ኖሮ እሱንም ፈለግንላቸው። ጣታቸው 2 ላይ ሊያርፍ ሲል «ምንም ቁጥር አላስገቡም» ብላ ከሀ ጀመረች። እንዲህ ነው እንጂ ሰዓት አክባሪ!

ቁጥሩን አስቀድማ ጉዳዩን የምታስከትል እህትም አለቻት። «3ን ይጫኑ» ትልና ለምን እንደሆነ ኋላ ትናገራለች። «ይሄ የኔ ነው!» ስንል ቁጥሩ ከጭንቅላታችን ወጥቷል። የማስታወስ ችሎታችንን በነፃ ታሠለጥንልናለች።

ሰው ለማነጋገር 0 ነው። እሱን ከሁሉ መጨረሻ አስቀምጣዋለች፤ ደግ ነገር ይቆያል። በአራተኛው ሙከራ ደረስንበት። «ሁሉም ሠራተኞቻችን ለጊዜው ሌሎች ደንበኞችን እያስተናገዱ ነው» አለች። ሙዚቃ ከፈተችልን፣ ከዚያ ተቋረጠ።

አክስቴ ስልኩን በቀስታ አስቀመጡት።

«ምስኪን» አሉ፣ «ብቻዋን ጥለዋት ሄደዋል።»