ማስተካከያ፦ ካርትሪጅን «እፍ» ስለማለት

ስለ አሮጌ የጌም ማጫወቻዎች አያያዝ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው የኒንተንዶ ማጫወቻ (ኤንኢኤስ) መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ጨዋታው አልጀምር ሲል፣ ካርትሪጁን (ጨዋታውን የያዘውን፣ ማጫወቻው ውስጥ የሚከተተውን የፕላስቲክ ቀፎ) በአፍ እፍ ማለት መፍትሔ እንደሆነ መግለጻችን ስሕተት ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ብዙውን ጊዜ በማጫወቻው ውስጥ ያለው የመቆለፊያ ቺፕ (ያልተፈቀደ ካርትሪጅ እንዳይሠራ የሚከለክለው) በካርትሪጁ ውስጥ ካለው አቻው ጋር መገናኘት ሲያቅተው ማሽኑን ደጋግሞ እንደ አዲስ ስለሚያስነሣው ሲሆን፣ የችግሩም ምንጭ በአብዛኛው የቆሸሸ ወይም የላላ የብረት መገናኛ ነው። እፍ ካልን በኋላ ጨዋታው የሚነሣው (መነሣቱንማ ብዙዎቻችን አይተነዋል) ትንፋሻችን ስለረዳው ሳይሆን፣ ካርትሪጁ ወጥቶ ሲገባ 72ቱ የመገናኛ ነጥቦች እንደገና ስለሚገጥሙ ነው፤ የትንፋሹ እርጥበት ግን ውሎ አድሮ ብረቱን ይበላዋል። የሚሻለው ማጫወቻውን አጥፍቶ፣ የካርትሪጁን መገናኛ በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጥጥ መጥረግና በደንብ ሲደርቅ መልሶ መክተት ነው።

በዚያው ጽሑፍ የፋሚኮም (የኤንኢኤስ የጃፓን አቻ) ካርትሪጅም 72 ነጥብ እንዳለው ጠቅሰን ነበር፤ ያለው 60 ነው፣ ስለዚህም ያለ አስማሚ በኤንኢኤስ ላይ አይገጥምም።