ጉልበቴና ጭብጨባው

ጡረታ ስወጣ አርፋለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ጉልበቴን በብረትና በፕላስቲክ መገጣጠሚያ አስቀይሬ ከክራንች ጋር እታገላለሁ። ሐኪሙ «እግርዎ ላይ ደም እንዳይረጋ ይንቀሳቀሱ» ይለኛል፤ ሲያብጥ ደግሞ «ከፍ አድርገው ይተኙ»። በደንብ ለማገገም እስከ 1 ዓመት ሊወስድ ይችላል አሉ። እሺ፣ ይህንስ ቻልኩት። ያላስቻለኝ የቀድሞ ወታደሮች መታሰቢያ ቀን ነው። ስፌቱ ከወጣልኝ ገና 3 ሳምንቴ! ሜዳሊያዬን ደርድሬ ሄድኩ። ንግግር፣ አበባ፣ መዝሙር፣ ደግሞ ንግግር። ተናጋሪዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ «ጀግኖቻችን» የተባልነው ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ተገትረናል። አጠገቤ ያለው ሰው አንድ እግሩን በፈንጂ ያጣ ነው፤ እሱም ቆሟል! አንድ ወጣት መጣና ትከሻዬን ይዞ ፎቶ ተነሣ፤ «እናመሰግናለን አባባ» ብሎኝ ሊሄድ ሲል ያዝኩት። ምስጋናው ይቆየኝ ልጄ፣ ወንበር አምጣልኝ።