ለድምፅ አልባው ፊልም ድምፅ ለሚያውሱ ምስጋና

ዴንማርካዊው ዳይሬክተር ካርል ድሬየር በመናፍቅነት ስለተከሰሰችው ፈረንሳዊት ልጅ የሚተርከውን «የዣን ዳርክ ሕማማት» የተሰኘ ድምፅ አልባ ፊልሙን በፈረንጆቹ 1928 ለተመልካች ሲያቀርብ፣ ከኋላችን የሚቀመጠውን አስረጂ ከቁጥር አለማስገባቱ ትልቅ ጉድለት ነበር። ምስጋና ይድረሳቸውና፣ ይህን ጉድለት ማንም ሳይጠይቃቸው የሚሞሉ ወገኖች ከየፊልም አዳራሹ አይጠፉም።

እነዚህ ደጋግ ሰዎች በምስሎቹ መሃል የሚወጣውን ጽሑፍ ማንበብ የሚሳነው ሰው አጠገባቸው ባይኖርም እንኳ ጮክ ብለው ያነቡልናል። ድሬየር የፊልሙን ንግግር የወሰደው ከ1431ዱ የዣን የፍርድ መዝገብ ሲሆን፣ ተዋንያኑ ከሚናገሩት ብዙውን በጽሑፍ ሳያሰፍር ከከንፈራቸውና ከዓይናቸው እንድንረዳው ትቶታል። ጎረቤታችን እንዲህ ያለውን ንፉግነት አይወድም፤ ዳኛው ከንፈሩን ባንቀሳቀሰ ቁጥር «አሁን ሊያጠምዳት ነው» ይለናል፣ ልጅቱ በመጨረሻ እንደምትቃጠልም ገና በአሥረኛው ደቂቃ አብሥሮ ከሥጋት ይገላግለናል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የዳይሬክተሩን ዘይቤ ለማረም የሚያሳዩት ትጋት ነው። ድሬየር በብዙ ገንዘብ ግዙፍ ግንብ ካስገነባ በኋላ ግንቡን ለዓመል ያህል ብቻ አሳይቶ ካሜራውን ሰው ፊት ላይ ተከለ፤ ያውም ሜካፕ ባልነካው ፊት ላይ፣ የዳኞቹ ሽብሽብና ኪንታሮት ሳይቀር እስኪቆጠር ድረስ። ግንቡን በማጣታችን ያዘነልን ተመልካች ታዲያ የስልኩን መብራት ለቆ ቢያንስ የአዳራሹን ግድግዳ ያሳየናል። (ዣንን ሆና የምትጫወተውን የሬኔ ፋልኮኔቲን ዓይን ያየ ሰው ሁሉ ቃል ይጠፋዋል ብዬ አምን ነበር፤ ቃል የማይጠፋው ሰው አጠገቤ እስኪቀመጥ።)

ፊልሙ እንዲህ ያለ ወዳጅ ሳያገኝ ብዙ ዘመን ኖሯል። ቅጂዎቹ የሚታተሙበት ዋናው ነጌቲቭ በዚያው በ1928 በርሊን ውስጥ በእሳት ወድሞ፣ የመጀመሪያውን ቅንብር የያዘ ቅጂ የተገኘው በ1981 ኦስሎ አቅራቢያ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳያስረዳው፣ በጸጥታ ተቀምጦ መክረሙ አንጀት ይበላል።

እኔ ባየሁበት ምሽት ግን ተክሷል። የዣን ፀጉር ተላጭቶ እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ፣ አዳራሹም ትንፋሹን ውጦ ሳለ፣ ከኋላዬ ስልክ ጠራ። ባለስልኩም ደዋዩን በሙሉ ድምፅ አረጋጋው፦ «ፊልም ላይ ነኝ፤ ግዴለም ንገረኝ፣ ድምፅ የለውም።»