«መሬት ላራሹ» በሰሜን ለንደን

ለንደን የሚኖር ሐበሻ «ቤት ገዛሁ» ብሎ ከጠራችሁ ሂዱ፣ ብሉ፣ መርቁት። ፍላት (አፓርታማ) ከሆነ ግን ብዙ አትጠይቁት። የገዛው ቤት ሳይሆን ዓመት ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ፍላት የሚሸጠው ባብዛኛው በሊዝ ነው። 99 ወይም 125 ዓመት ይቆረጥላችኋል። መሬቱ ግን የፍሪሆልደሩ፣ በኛ አባባል የባለርስቱ፣ እንደሆነ ይቀራል። ዓመቱ ሲያልቅ ቤቱም ወደ እሱ ይዞራል። የባንክ ዕዳውን ከፍላችሁ ብትጨርሱም ያው ነው።

ይህ ነገር እንደ ጋሼ ያንገበገበው ሰው አላየሁም። ጋሼ በ1966 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። «መሬት ላራሹ» እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኸዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅም አደባባይ ወጥተው ጨፍረዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችን እናውቀዋለን። ብቻ አሁን ሰሜን ለንደን ባለ ሁለት መኝታ ፍላት አላቸው። ለባለርስቱም በየዓመቱ ግራውንድ ሬንት የሚባል የመሬት ኪራይ ይገብራሉ። ቡና ላይ ይህን የሚያነሳባቸው ተንኮለኛ አይጠፋም።

«ጋሼ፣ የዘንድሮን ግብር አስገቡ?»

«አንተ ልጅ፣ አርፈህ ቡናህን ጠጣ!»

የሚያናድዳቸው መክፈሉ ብቻ አይደለም፤ ባለርስቱን አይተውት አለማወቃቸውም ነው። የአገር ቤቱ ባላባት ክፉም ቢሆን ፊት ነበረው። አውድማ ድረስ መጥቶ ሲሶውን ያስለካል። ለፋሲካ ሙክት ይወሰድለታል። የጭሰኛውን ልጅ ክርስትና የሚያነሳም ነበር። የጋሼ ባላባት ግን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። በዓመት አንዴ «ውድ ሊዝሆልደር» ብሎ ይጽፋል። ለፖስታ ሣጥን ሙክት አይነዳ ነገር።

የዚህ አገር ባለርስትነት ሥሩ ሩቅ ነው። ሜይፌርና ቤልግሬቪያ የሚባሉትን የሀብታም ሰፈሮች ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1677 ሜሪ ዴቪስ የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ለሰር ቶማስ ግሮቭነር ተዳረች። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ ጻድቁ ዮሐንስ ነግሠው ነበር። ልጅቷ ይዛ የገባችው መስክና ረግረግ ነው። ዛሬ በዚያ ረግረግ ላይ ሚሊየነር በሊዝ ይኖራል፤ የዌስትሚኒስተር መስፍን ቤተሰብም እስካሁን ባለርስት ነው። ይህን ሳወራ የጋሼ ባለቤት ከማድቤት ሰሙኝና ባላቸውን ጠሩ። «አየህ፣ ጥፋቱ ያንተ ነው። እኔን በባዶ እጄ አገባኸኝ!»

የጋሼ ሊዝ ሲገዙት 99 ነበር። እየተሸረፈ ሄዶ አሁን ሰማንያ ላይ ሊደርስ ነው። እሳቸው ደግሞ ሰባን አልፈዋል። «ከሰማንያ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ምን አስጨነቀኝ?» ይላሉ። ጭንቁ የሚመጣው ለመሸጥ ወይም ለልጅ ለመተው ሲታሰብ ነው። ዓመቱ ባጠረ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ባንክም ለገዢው ማበደር ይፈራል። ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሕግ ባለሊዙ ከፍሎ 90 ዓመት እንዲያስጨምር መብት ይሰጠዋል። በዚያው የፈረንጅ ዓመት አገር ቤትም የመጀመሪያው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ወጥቷል። የአዋጁ ቁጥር 80 ነው። ሰማንያ አትለቀንም ማለት ነው።

ምክንያቱም ሊዙ ከሰማንያ ዓመት ካልበለጠ ሌላ ሂሳብ ይታከላል። የጋብቻ ዋጋ ይሉታል። ሊዙ በመራዘሙ ቤቱ የሚያገኘው ተጨማሪ ዋጋ ይሰላና ግማሹ ለባለርስቱ ይሄዳል። እኛ አገር በሰማንያ ሲጋቡ ድግስ አለ፤ እዚህ በሰማንያ ሲደርሱ ደረሰኝ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ሲሶ ይቅር ብለን ጮኸን፣ በእኩሌታ መጡብን? የእኩል አራሽ አደረጉኝ በለኛ!»

ገና አላለቀም። የባለርስቱ ጠበቃና ገማች የሚሠሩበትን ምክንያታዊ ወጪ የሚችለውም ባለሊዙ ነው። ሰውየው ከእናንተ የሚቀበለውን ዋጋ የሚያስገምተው በእናንተው ገንዘብ ነው።

ለቅሶ ቤት ይሁን ክርስትና፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ይህ ጉዳይ ለሁለት ይከፍለናል። አንደኛው ወገን «ዛሬውኑ አራዝም» ይላል። ሌላው «ጠብቅ» ባይ ነው። ጠባቂዎቹ ማስረጃ አላቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የጸደቀ ሕግ አለ። የጋብቻ ዋጋን ያስቀራል፤ የሚጨመረውንም 990 ዓመት ያደርገዋል። ከዛሬ 990 ዓመት በፊት እኮ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ገና አልተፈለፈሉም! ችግሩ፣ ይህን እስክጽፍ ድረስ ዋናው የሕጉ ክፍል ሥራ ላይ አልዋለም። ጠባቂዎቹ ግን አይደነግጡም። ከመሃላቸው አንዱ በ1997 አዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ የመጣ ነው። የተመዘገበበትን ወረቀት እስካሁን በፕላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጧል። እንዲህ ያለውን ሰው የእንግሊዝ ፓርላማ በትዕግሥት አይረታውም። እኔ ግን ከሰማንያው አፋፍ ላይ ቆሞ ፓርላማ መጠበቅን ለማንም አልመክርም።

ጋሼም ሊዙ ይራዘምልኝ የሚል ማስታወቂያ ለባለርስቱ ላኩ። የባለርስቱ ገማች መጥቶ ክፍሎቹን ለካ፣ ሁለት ስኒ ቡና ጠጣ፣ እጥፍ ዋጋ ጠርቶ ሄደ። ጋሼ ሽማግሌ ልላክ ብለው ነበር፤ ሶሊሲተሩ፣ ማለትም ጠበቃቸው፣ እዚህ አገር ሽማግሌው ትሪቡናል የሚባል ችሎት እንደሆነ አስረዳቸው። ከዚያ አንድ ነገር ነገራቸው። ሊዙ ሲራዘም ግራውንድ ሬንቱ ይቀራል። በሕግ ቋንቋ የዓመቱ ኪራይ አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ይሆናል።

«የት ነው የማስረክበው?» አሉ ጋሼ።

«ኧረ ማንም አይጠይቅዎትም። የወግ ነገር ነው።»

«የለም፣ እኔ ራሴ ይዤ መሄድ አለብኝ። በእጁ እሰጠዋለሁ። የሰውየውን ፊት አንድ ቀን ልየው እንጂ!»

ሶሊሲተሩ ጥያቄውን በትሕትና ጻፈው። በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ ሲመጣ «ስለ ቁንዶ በርበሬ ምክክር» የሚል መስመር ተጨምሮበታል።